ያለ ምስማር የተያያዘ፤ ስለ እንጨት ማጋጠም ጥበብ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ስለ እንጨት ማጋጠም ጥበብ ነው። ይኸውም ሁለት እንጨቶች ያለ ምስማር፣ ያለ ሽቦና ያለ ሙጫ፣ አንዱ በሌላው ሥጋ ውስጥ እየገባ ተያይዘው እንዲኖሩ የማድረግ ጥበብ ነው። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰማ ለአናጢ ብቻ የሚገባ፣ ለጽሕፈት ቤት ሰው ግን እምብዛም የማይጠቅም መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ደቡብ ጎንደር በሚባለው አገር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለውን ታሪክ ስንመረምር፣ ይህ ጥበብ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ እየተወራረደ የመጣ ትልቅ ቅርስ እንደ ሆነ እንረዳለን። ከዚህም ጋር አንድ የሚያሳዝን ነገር እናገኛለን። ይኸው አገር የዜማውን ትምህርት በጥንቃቄ ጽፎ፣ መርምሮና አስመስክሮ ለትውልድ ሲያስተላልፍ፣ የዜማውን ቤት ያቆመውን አናጢ ግን ስሙን እንኳ ሳይጽፍ አሳልፎታል። የንግግራችንም ዋና ፍሬ ነገር ይህ ነው።

አስቀድመን ማጋጠም ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። እንጨት ከተቈረጠ በኋላም ጠባዩ አይለቀውም። በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኰማተራል። ይሁን እንጂ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይለወጥም። እርጥቡ እንጨት ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ በቁመቱ በኩል የሚቀንሰው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ በወርዱ በኩል ግን እንደ ዛፉ ዓይነት ከመቶ አምስት እስከ ዐሥር እጅ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ምስማር በመታንበት ጊዜ ብረቱ የእንጨቱን ክሮች እየገፋና እየሰነጠቀ ይገባል። እንጨቱ ሲያብጥና ሲኰማተር ብረቱ ስለማይከተለው ቀዳዳው ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ብረቱም በእርጥበት ይዝግና በዙሪያው ያለውን እንጨት ያበላሻል። ጥቂት ዓመት ያገለገለ ወንበር ስንቀመጥበት ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

የማጋጠም ጥበብ ግን ከእንጨቱ ጠባይ ጋር ይስማማል እንጂ አይጣላም። ከሁሉ ይልቅ ቀላሉ ዓይነት ሁለት እንጨቶች በሚተላለፉበት ስፍራ እያንዳንዳቸውን እስከ ውፍረታቸው እኩሌታ ጎድጎድ አድርጎ ቈርጦ፣ አንዱን በሌላው ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ዓይነት አናጢዎች ወንዴና ሴቴ የሚሉት ሲሆን፣ የአንደኛው እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ቀጥኖ ይወጣል፤ በሌላው እንጨት ላይ ደግሞ በመሮ በልኩ ቀዳዳ ይፈለፈልና ምላሱ በዚያ ይገባል። ምላሱ ተመልሶ እንዳይወጣ ሁለቱን አሳልፎ የሚበሳ ቀዳዳ ይበጅና የእንጨት ችንካር ይመታበታል። ወይም የምላሱ ጫፍ ተሰንጥቆ ሽብልቅ ይገባበትና በቀዳዳው ውስጥ እንዲሰፋ ይደረጋል። ለሣጥንና ለመሳቢያ የሚሆነው ሌላው ዓይነት ጫፉ ሰፊ አንገቱ ጠባብ የሆነ ጥርስ ነው፤ በአንድ በኩል በቀላሉ ይገባል፤ በሌላ በኩል ግን ቢስቡት አይወጣም።

በእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ውስጥ አንድ የጋራ ሕግ አለ። ምስማር የሚመታ ሰው እንጨቶቹን ካቆራኘ በኋላ የሳተውን በሁለተኛ ምስማር ሊያርመው ይሞክራል። ማጋጠሚያ የሚፈለፍል ሰው ግን መሮውን ከማንሣቱ በፊት ሁለቱንም እንጨቶች መለካትና በአእምሮው አጋጥሞ ማየት ይገባዋል፤ ከመጠን በላይ የተፈለፈለ ቀዳዳ ተመልሶ አይሞላምና። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህም ሥራ የሚሆን ቃል ነው።

የጥበቡም ዕድሜ ከምንገምተው በላይ የራቀ ነው። በዛምቢያ ምድር፣ በታንዛንያ ወሰን አጠገብ፣ ካላምቦ በሚባል ፏፏቴ አቅራቢያ በተደረገ ቍፋሮ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዲቀመጥ ሆን ተብሎ ጎድጎድ ተደርጎ የተቈረጠ ግንድ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጽሑፍ ዕድሜው 476,000 ዓመት ያህል እንደሚሆን ገልጠዋል። ይህም ማለት ዛሬ ያለው የሰው ዘር በምድር ላይ ከመታየቱ አስቀድሞ፣ በዚሁ በአፍሪቃ ምድር፣ ሁለት እንጨቶችን ያጋጠመ እጅ ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ የተዘረጉ አገሮች ናቸው። ስማዳን በምሥራቅ በኩል በሽሎ፣ በደቡብ በኩል ዓባይ ያዋስኑታል። ጋይንት ደግሞ ላይና ታች ተብሎ ይከፈላል፤ በጨጨሆ በኩል ወደ ወሎና ወደ ላስታ የሚያሳልፈው ጥንታዊ መንገድም በላይ ጋይንት በኩል ነው። በዚህ አገር የአብዛኛው ሰው ቤት በማጋጠም ሳይሆን በማሰር የተሠራ ነበር። ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፤ ወጋግራው ወደ ላይ ተሰብስቦ በጣራው ጫፍ ይገናኛል፤ ሁሉም በጭቃና በሣር ይሸፈናል። ማጋጠም የሚያስፈልገው ለከበደና ለረዥም ዕድሜ ለሚታሰብ ነገር ነበር፤ ይኸውም ለቤተ ክርስቲያን፣ ለበር መቃን፣ ለአልጋና ለእርሻ ዕቃ ነው።

በታች ጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ለዚህ ሁሉ ታላቅ ምስክር ናት። ቤተ ልሔም በመላው ኢትዮጵያ የታወቀችው በድጓ ትምህርቷ ነው። ይሁን እንጂ ሕንፃዋም ራሱ ታሪክ አለው። ቤተ ክርስቲያኒቱን ከውጭ ለተመለከተ ሰው በአገሩ እንደሚገኙት እንደ ሌሎቹ ሁሉ ክብ፣ ሣር ክዳን ሆና ትታይ ነበር። በክቡ ቤት ውስጥ ግን አራት ማዕዘን የሆነ፣ ከመካከለኛው ዘመን የተረፈ፣ እንደ አክሱም አሠራር የተሠራ ጥንታዊ ሕንፃ ተሸሽጎ ይገኛል። ቶማስ ፓከንሃም የተባለው ወጣት መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደዚያ ደርሶ ሕንፃውን ከተመለከተ በኋላ፣ በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለውጭው ዓለም አስታወቀው። አንዳንድ ጽሑፎች «ያን ጊዜ ተገኘ» ይሉታል። ነገር ግን በየዘመናቱ ክዳኑን ሲያድስና በውስጡ ሲቀድስ ለኖረ ሕዝብ ምንም የጠፋ ነገር አልነበረም፤ የጠፋው በወረቀት ላይ ነበር።

የአክሱም አሠራር የተባለውን በጥቂቱ ማስረዳት ይገባል። የአክሱም ግንበኛ ግድግዳውን የሚሠራው በድንጋይና በጭቃ ነበር። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ክብደት ሲበዛበት ሆዱ እየተነፋ ሊፈርስ ይችላል። ይህን ለመከላከል አናጢው በግድግዳው ፊትና ጀርባ ርዝመቱን ተከትለው የሚሄዱ አግዳሚ እንጨቶችን ያጋድማል። ከዚያ በኋላ አጫጭር እንጨቶች የግድግዳውን ውፍረት አቋርጠው በሁለቱ አግዳሚዎች ላይ ይቀመጣሉ። እነዚህም በሆዳቸው በኩል ጎድጎድ ተደርገው ስለሚቈረጡ አግዳሚውን ነክሰው ይይዙታል። የግድግዳው ፊትና ጀርባ እንግዲህ በእንጨት ታስረዋል፤ አንዱ ከሌላው ሊለይ አይችልም። የአጫጭሮቹ እንጨቶች ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ስለሚታይ «የዝንጀሮ ራስ» የሚል ስም ወጥቶለታል። በበርና በመስኮት በኩል ደግሞ ጉበኑ፣ መድረኩና ሁለቱ ቋሚዎች በማዕዘን ላይ ይጋጠማሉ፤ አራት ማዕዘን ጫፍ ያላቸው እንጨቶችም የውስጡን መቃን ከውጭው ጋር ያቆራኛሉ። ይህ ሁሉ ሲደረግ ሕንፃው ሲከብደውም ሲንቀጠቀጥም በጥቂቱ ይላወሳል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም።

የአክሱም ሰዎች ይህን የእንጨት ሥራ ምን ያህል ያከብሩት እንደ ነበረ ሐውልቶቻቸው ይመሰክራሉ። በ1929 ዓ.ም. በኢጣልያ ተዘርፎ ወደ ሮማ የተወሰደው፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. በስፍራው የቆመው 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐውልት፣ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ፣ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት መስሎ ተቀርጿል። በየፎቁ መካከል የተደረደሩት ክብ ጫፎች የዝንጀሮ ራሶች ናቸው። ድንጋዩ ማጋጠሚያ አያስፈልገውም ነበር፤ ጠራቢው ግን ማጋጠሚያ የሌለው ቤት ቤት አይመስልም ብሎ የእንጨቱን አሠራር በድንጋይ ላይ ቀዳው።

ይህ አሠራር ከአክሱም ጋር አልቀረም። በትግራይ በደብረ ዳሞ፣ ቀጥሎም በላስታ በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ በቆመው ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ይታያል። በይምርሐነ ክርስቶስ የእንጨቱ ረድፍና በኖራ የተለሰነው የድንጋይ ረድፍ እየተፈራረቀ ከታች እስከ ላይ ይወጣል። በቅዱስ ላሊበላም ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ፣ ቤተ አማኑኤል፣ ይህንኑ ረድፍ በዐለት ላይ አስመስሎ ያሳያል። ላስታና ጋይንት በአንድ ጥንታዊ መንገድ የተያያዙ ጎረቤቶች ስለ ሆኑ፣ የቤተ ልሔም ሕንፃ በዚህ ዘር ሐረግ ውስጥ መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ጥበቡ ከሰሜን ወደ ደቡብ በእግሩ ሄዷል ለማለት ይቻላል፤ ይኸውም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሳይሆን ከአናጢ ወደ አናጢ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን ወደ ገበሬው ደጅ ብንሄድ ያንኑ ጥበብ በሌላ መልክ እናገኘዋለን። የስማዳ ገበሬ ማለዳ በትከሻው ተሸክሞት የሚወጣው የእርሻ ዕቃ እጅግ የታሰበበት የማጋጠም ሥራ ነው። እርፉ በሞፈሩ ታችኛ ጫፍ በተበሳው ቀዳዳ ያልፋል፤ ጫፉም ከማረሻው ብረት ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ድግሮች በግራና በቀኝ ሆነው በወገል ይያያዛሉ። ሞፈሩ በምራን ከቀንበሩ ጋር ይታሰራል። ብረት ያለው በማረሻውና በወገሉ ብቻ ነው፤ የቀረው እንጨትና ቆዳ ነው። የዚህም ዕቃ ብልሃት በሬዎቹ ሲስቡ ማጋጠሚያው ከመላላት ይልቅ እየጠበቀ መሄዱ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ተፈትቶ ወደ ቤት ይመለሳል፤ አንዱ ክፍል ቢሰበር ያ አንዱ ብቻ ይለወጣል። በምስማር የተሠራ ዕቃ ይህን አይችልም።

የጠፍር አልጋም እንዲሁ ነው። አራቱ እግሮች በራሳቸው በኩል ይበሱና የአግዳሚዎቹ ጫፍ በቀዳዳው ይገባል። ከዚያም እርጥብ ጠፍር በአግዳሚዎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተጠላለፈ ይወጠራል። ጠፍሩ ሲደርቅ ይኰማተራልና አግዳሚዎቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ ማጋጠሚያውም ይጠብቃል። እንግዲህ ሰው የሚተኛበት ጠፍር የአልጋው መኝታ ብቻ አይደለም፤ መቆለፊያውም ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል በርጩማ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ ማጋጠሚያ የለውም። አናጢው መቼ መፈልፈል፣ መቼ ማጋጠም እንደሚገባው ለይቶ ያውቃል። አጭርና ወፍራም የሆነው ከአንድ ግንድ ይወጣል፤ ረዥምና ቀጭን የሆነው ይጋጠማል። እንጨቱንም ይመርጣል፤ ለመሸከምና ለመቆየት ጥድና ወይራ፣ ለመፈልፈልና ለሳንቃ ዋንዛ ይሻላል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሥራው ነው፤ ከዚህ በኋላ ስለ ሠሪው እንነጋገር። ከላይ እንደ ተገለጠው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የድጓ ተማሪ በየአገሩ ከተማረ በኋላ ዕውቀቱ የሚጸናለት በዚያ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ሲመረመርና ሲመሰከርለት ነው። በጋይንት ዙር አምባም እንዲሁ የዝማሬ መዋሥዕት ትምህርት ማስመስከሪያ ነው። በእስቴ በኩልም ቆማ ፋሲለደስ ለአንድ የድጓ ዜማ መንገድ ስሙን ሰጥቷል። ስለዚህ ይህ አገር ዕውቀትን መመርመርና ማስመስከር ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ዜማውም እንዳይጠፋ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳበጁለት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ አንድ ተማሪ የድምፁን መውጣትና መውረድ በጽሑፍ አይቶ ሊከተለው ቻለ።

ለአናጢው ግን ምልክት አልወጣለትም። የማዕዘኑ ቁርጥ ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ ምላሱ ምን ያህል እንደሚቀጥን፣ እንጨቱ ስንት ወር ደርቆ እንደሚቈረጥ በብራና ላይ የጻፈ የለም። ስለ አክሱም ጽዮን የሚናገረው መጽሐፈ አክሱም የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን ሲገልጥ የዝንጀሮ ራሶቹን ቍጥር እንኳ ሳይቀር መዝግቧል። እስቲ አስቡት፤ ጸሐፊው እያንዳንዱን የእንጨት ጫፍ ሲቈጥር፣ ያንን እንጨት ያጋጠመውን ሰው ስም ለመጻፍ አላሰበም።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ለብዙ ዘመን «ባለ እጅ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔውና ፋቂው «ቡዳ» እየተባሉ ከማኅበርና ከጋብቻ ይገለሉ ነበር። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ለግንቦቹና ለአብያተ ክርስቲያናቱ ሥራ ከተሰማሩት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል የቤተ እስራኤል ወገኖች እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ገልጠዋል። የንጉሡ ስም በግንቡ ላይ ቀረ፤ የአናጢው ስም ግን ከአናጢው ጋር ተቀበረ። እንዲህ ባለ አገር ልጅ የአባቱን መሮ ከመያዝ ይልቅ መጣሉን ቢመርጥ ይፈረድበታልን?

ይህን ክፉ ልማድ ለመለወጥ የደከሙ ነገሥታት ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ላይ የውጭ አገር ባለ እጆችንና ኢትዮጵያውያንን ሰብስበው የብረትና የእንጨት ሥራ አቋቁመው ነበር። በ1859 ዓ.ም. በዚያ የተሠራውና 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ በሠረገላ ተጭኖ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል አልፎ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ሕዝቡ መንገዱን እየጠረገ፣ ገደሉን እየደለደለ ጎተተው። የመድፉ ታሪክ በብዙ ተነግሯል፤ ነገር ግን ያን ክብደት የተሸከመው የሠረገላው እንጨት ነው። በአቀበትና በቍልቍለት የሚጎተት ሠረገላ በእያንዳንዱ እርምጃ ማጋጠሚያውን የሚፈታተን ነገር ነውና፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ድረስ አናጢውም ከመድፍ ሠሪው ጋር አብሮ ሲፈተን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን ስለ ሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ መልካም ነበር፤ ሆኖም በብዙ ዘመን የተሠራ ንቀት በአንድ ቀን አይፈርስም።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለወጠ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ በየኰረብታው በቀለ። ቶሎ የሚያድግ ስለ ሆነ ለሕዝቡ ትልቅ እርዳታ ሆነ፤ ነገር ግን ሲደርቅ በብዛት የሚጣመምና የሚሰነጠቅ በመሆኑ ለማጋጠም እንደ ጥድ አይመችም። ከዚህም ጋር ቆርቆሮና ምስማር መጣ። ምስማርን ክፉ ነገር ነው ማለታችን አይደለም። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሥራውን ያፋጥናል፤ ለድኻው ቤተ ሰብ ከዝናብ የሚያስጥል ጣራ በአጭር ጊዜ አስገኝቶለታል። በ1955 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤትም የእንጨት ሥራን ከሚያስተምራቸው ሙያዎች መካከል አድርጎ ስለ ነበር፣ አናጢነት በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሙያ መሆኑን አሳይቷል። አደጋው ምስማሩ መምጣቱ አይደለም። አደጋው ምስማር በማይገባበት ስፍራ እንዲገባ የሚያደርግ አለማወቅ ነው።

ይህም አደጋ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በጥንታዊ ሕንፃ ጥገና ላይ ነው። አንድ የበሰበሰ አግዳሚ ከግድግዳ ሲወጣ፣ በስፍራው ሲሚንቶ የሚሞላና ብረት የሚመታ ሰው በጎ አሳብ ይኖረዋል። ነገር ግን የተለየ ጠባይ ያላቸውን ነገሮች በአንድ ላይ አስሯል። ሲሚንቶው ደረቅና ግትር ነው፤ ጭቃውና እንጨቱ ግን ይላወሳሉ፤ ይተነፍሳሉም። እርጥበቱ በሲሚንቶው ተከልክሎ በእንጨቱ ውስጥ ይቀራል፤ አንዱን አግዳሚ ለማዳን የተደረገው ጥገና ጎረቤቱን ያበሰብሰዋል። ትክክለኛው ጥገና በዚያው ዓይነት እንጨት፣ በዚያው ቁርጥ፣ በዚያው አገባብ የተሠራ ምትክ ማግባት ነው። ለዚህም መጽሐፍ ብቻ አይበቃም፤ የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል።

የውጭውም ዓለም ይህን ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1954 በግብፅ በታላቁ ፒራሚድ አጠገብ 4,500 ዓመት ያህል የቆየ፣ 43 ሜትር የሚያህል ርዝመት ያለው የንጉሥ ኩፉ መርከብ ተፈታትቶ በጕድጓድ ውስጥ ተገኘ። ሳንቃዎቹ በምላስና በቀዳዳ እየተጋጠሙ በገመድ የታሰሩ ነበሩ። ከ1,200 የሚበልጡትን ቍርጥራጮች መልሶ ለማጋጠም አሕመድ የሱፍ የተባለው ግብፃዊ የጥገና ዐዋቂ ብዙ ዓመት ደከመ። ሥራውን ሲጀምር በዓባይ ዳር ጀልባ ወደሚሠሩ ተራ አናጢዎች ሄዶ አሠራራቸውን ተማረ፤ የፈርዖኑን መርከብ ምሥጢር ለመክፈት የረዳው በሕይወት ያለ አናጢ እጅ ነበር። ጃፓኖችም በኢሴ የሚገኘውን የተቀደሰ ቤታቸውን በየ20 ዓመቱ በአዲስ እንጨት ዳግመኛ ይሠሩታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲሁ አድርገዋል። እንጨቱ አዲስ ነው፤ አሠራሩ ግን የቀድሞው ነው። አንዱ ትውልድ እየሠራ ሌላው እያየ ስለሚማር ጥበቡ አይቋረጥም።

በአገራችንም ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አለ። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዛዊው የሕንፃ ጥበብ ዐዋቂ በዴሬክ ማቲውስ መሪነት ሲታደስ፣ የጥንቱን አሠራር መርምሮ እንደ ነበረ መመለስ ተችሏል፤ የተደረገውም ሥራ በሚቀጥለው ዓመት በጽሑፍ ወጣ። በዚህም ምክንያት ዛሬ ስለ አክሱም ዘመን የእንጨት ሥራ የሚያጠና ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ደብረ ዳሞ ይመለከታል። ጋይንትና እስቴም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይገባቸዋል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ከእናንተ ብዙዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የምትመሩ፣ በጀት የምታጸድቁና ፈቃድ የምትፈርሙ ናችሁ። ስለዚህ ይህ ነገር የአናጢ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 የቅርስ ጥገና በሚመለከተው ባለ ሥልጣን ፈቃድ እንዲከናወን ደንግጓል። ነገር ግን ፈቃዱ ወረቀት ብቻ ሆኖ ከቀረ ሕጉ ቅርሱን አያድነውም። አንድ የገጠር ደብር «ቤተ ክርስቲያናችን አርጅቷልና አፍርሰን በብሎኬት እንድንሠራ ይፈቀድልን» ብሎ ማመልከቻ ሲያቀርብ፣ በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሹም ሁለት ጥያቄዎችን ሊጠይቅ ይገባዋል። መጀመሪያ፣ የሚፈርሰው በርና መቃን፣ አግዳሚና ማዕዘን ተለክቶ በሥዕል ተነሥቷልን? ሁለተኛ፣ በአጥቢያው ይህን ሥራ የሚያውቅ ሽማግሌ አናጢ ካለ ተጠይቋልን? ሁለቱም ጥያቄዎች ብዙ ገንዘብ አያስወጡም። አንድ ሜትር፣ አንድ ደብተርና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል።

ከዚህም በላይ ሽማግሌው ሲጠራ ብቻውን መጠራት የለበትም። በየአካባቢው ከሚገኙት የሙያ ማሠልጠኛዎች ሁለት ሦስት ወጣቶች አብረውት እንዲውሉ፣ መሮውን እንዲይዙና ሲሳሳቱ እንዲታረሙ ማድረግ ይገባል። የድጓ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ የራሱን ድጓ በእጁ ጽፎ፣ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ የሚያስመሰክረው ዕውቀት በመስማት ብቻ እንደማይጸና ስለሚታወቅ ነው። የአናጢነትም ዕውቀት ከዚህ የተለየ አይደለም። አገሩ የራሱን ደንብ ወስዶ ለራሱ አናጢ ቢያውለው፣ ከውጭ የሚቀዳ አዲስ ሥርዐት አያስፈልገውም።

በመጨረሻም አንድ ትንሽ ነገር እናሳስባለን። በየትኛውም ደብር ጥገና ተፈጽሞ መዝገብ ሲዘጋ፣ ገንዘብ የሰጠው ሰው ስም፣ የፈቀደው ሹም ስምና የመረቀው አባት ስም መጻፉ የተለመደ ነው። ከእነዚህ ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመር። በዚያ መስመር ላይ እንጨቱን ያጋጠመው አናጢ ስሙ ከነአባቱ፣ የተማረበት መምህር ስምና ያስተማራቸው ደቀ መዛሙርት ስም ይጻፍ።